የእሑድ ውሃ

ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው ውሃ ጨዋ ነው። በዚህ ግባ ስለው ይገባል፣ በዚያ ውጣ ስለው ይወጣል። ፍጥነቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ጥልቀቱን የምወስንለትም እኔው። አይደፈርስም፣ ገለባ አያመጣም፣ ከማንም ጋር አይጣላም። ወልድያ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ተቀምጬ ለወራት ከዚህ ታዛዥ ውሃ ጋር ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሰው ጋር ከመዋል ይሻለኝ ነበር።

የማስተምረው ሜካኒካል ምህንድስና ነው። የማጠናው ደግሞ ትንሽ ተርባይን፤ ግድብ የማይፈልግ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ውሃው ሲያልፍ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ። ብረት ከማስቆረጤ በፊት የውሃው ጠባይ ሲለዋወጥ ተርባይኑ ምን እንደሚሆን በሲሙሌሽን ማየት ነበረብኝ፤ ውሃው ሲፈጥን፣ ሲዘገይ፣ ሲጎድል፣ ሲናወጥ። ኮምፒውተሩ ውሃውን ጥቃቅን አድርጎ ይከፋፍልና የእያንዳንዷን ክፍል እንቅስቃሴ ያሰላል። ቀን ሙሉ ይፈጃል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ መብራት ይጠፋል። የመብራት ማመንጫ ጥናት መብራት ጠፋ ተብሎ እንደገና ከሀ ሲጀመር በጣም ያናድዳል፤ ቢሮ የሚጋራኝ ባልደረባዬ ግን ሁልጊዜ ይስቃል። «ቶሎ ጨርሺና ተርባይኗ ራሷ ኮምፒውተርሽን ታስነሳልሽ» ይለኛል። አንድ ቀን በዚህ ቀልዱ ብርጭቆ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለጥናቱ የመረጥኩት ያደግኩበትን ውሃ ነው። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከግራና ከተማ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ፣ ከወንዝ ተጠልፎ በኮረብታው ግርጌ የሚወርድ የመስኖ ቦይ አለ። አባቴ የዚያ ቦይ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ገበሬው መርጦ የሾመው ሰው ነው፤ ተራ ያወጣል፣ ማን መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ ይወስናል፣ ሁለት ሰው ዶማ ይዞ ሲፋጠጥ መሀል ይገባል። ደመወዝ የለውም። ያለው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ ያልታመነ ዕለት ሌላ ሰው ይሾማል።

ከቦዩ በላይ በኩል ያሉት ባለማሳዎች አብዛኞቹ ክርስቲያን፣ ከታች በኩል ያሉት አብዛኞቹ ሙስሊም ናቸው። እሑድ የላይኞቹ ሰንበት ስለሆነ ሥራ አይነኩም፤ ዋዜማውን የየማሳቸውን መግቢያ በጭቃና በሣር ይደፍኑና ውሃው እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። አርብ የታችኞቹ ለጁምዓ መስጊድ ስለሚሄዱ ውሃው የላይኞቹ ነው። በቀሩት ቀናት በተራ ይካፈላሉ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም።

እሑድ ውሃው ቦዩ ጫፍ ላይ ካለው የመጨረሻ ማሳ ሲደርስ ባለማሳው ወደ ላይ ያስታውቃል። ድሮ ድምፅ እየተቀባበሉ ይጮሁ ነበር፤ አሁን ስልክ አለ። የመጨረሻው ማሳ የአንድ አዛውንት ሐጂ ነው። በስልክ የሚሉትም አንድ ቃል ነው፤ «ደርሷል።» አባቴ ከቅዳሴ መጥተው ይህችን ቃል ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዛቸው የለም። እናቴ በሕይወት ሳለች «እህሉ ቀዘቀዘ» እያለች እሑድ በመጣ ቁጥር ትነጫነጭ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያልሰሙ መስለው ደጅ ደጁን ያዩ ነበር።

ተርባይኑን በዚህ ቦይ ላይ ልሞክር ያልኩት ለቀበሌው ጤና ኬላ ብዬ ነው። የመብራቱ መስመር በዋናው መንገድ መርሳን አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደኛ አይታጠፍም። ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ሶላር ነበር፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እዚያ ያለችው ባለሙያ በስልኳ ባትሪ ብርሃን እናቶችን ታዋልዳለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀበሌ ወጥቼ ስለ ውሃና ስለ ኤሌክትሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህ ነገር ያሳፍረኝ ነበር።

አባቴ ባለማሳዎቹን መንደሩ በሚሰበሰብበት ዋንዛ ሥር ሰበሰቡልኝ። ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሐጂው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጠየቁ፦

«ልጄ፣ አብሽሪ፣ ለክፋት አይደለም የምጠይቅሽ። ይቺ ነገር ውሃውን ትጠጣዋለች?»

ተርባይን ከውሃው እንቅስቃሴውን እንጂ ውሃውን እንደማይወስድ ላስረዳ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«ጠብታ አታጎድልም» አሉ። «ቃሌ ነው።»

ሐጂው ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ፤ ጉባኤውም አለቀ። እኔ ለአንድ ሰዓት የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ስለ ተርባይን የሚያውቁት ልጃቸው እንደምትሠራው ብቻ ነው፤ ቃላቸውን የሰጡትም በዚያ ብቻ ተማምነው ነው። ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ ገና ያላሰላሁትን ነገር አባቴ ፈርመውበት የሄዱ ያህል ተሰማኝ።

በሥራ ቀናት ስለማስተምር ውሃውን ለመለካት የምወርደው እሑድ ነበር። ከወልድያ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ስንቃረብ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፤ ከዚያ ወደ ግራና የሚሄድ እጠብቃለሁ፤ የቀረውን በእግሬ። እሑድ ደግሞ ለኔ የተመቸ ቀን ነበር። የላይኞቹ ሥራ ስለማይነኩ ቦዩ ዳር የሚደናቀፍብኝ ሰው የለም፣ በሬ አይረግጥብኝም፣ ውሃውን ማንም አይነካካብኝም። ሁለቱ ቋጥኞች መካከል ቦዩ ጠበብ ከሚልበት ቦታ ቆሜ የፍጥነት መለኪያዬን እነክራለሁ። በሌላው እሑድም ተመልሼ እለካለሁ፤ ያው ነው። በሚቀጥለውም ያው። ቁጥሩ ስላልተለዋወጠብኝ እውነት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ያን ቁጥር ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ተርባይኗ አማረባት። ለጤና ኬላው ተርፎ ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ኃይል አገኘሁ። ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩት፤ ሰው አጨበጨበ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኳቸው። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝና ስለ በቆሎው ሁኔታ ማውራት ቀጠሉ። በልባቸው ግን ተደስተው እንደነበር የጎረቤት ሰው ነገረኝ፤ ግራና ገበያ ላገኙት ሁሉ አውርተውታል።

ከዚያ አንድ ዘመዳችን ዐረፉና በሳምንቱ መካከል ለለቅሶ ወረድኩ። ከቀብር ስንመለስ እግሬን ልታጠብ ወደ ቦዩ ጎራ አልኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ በወጉ አልሸፈነም። አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል፣ የሆነ ቦታ ይሽከረከርና ገለባ ይዞ ይቆማል። ከላይ ሰው መግቢያውን ከፍቶ ማሳውን እያጠጣ ነው። እግሬን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ደርቄ ቀረሁ። እኔ ወራት ሙሉ የለካሁት የዚህን ቦይ ውሃ አልነበረም፤ የእሑድን ውሃ ነበር። «እሑድ የታችኞቹ ነው» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ የእናቴን የእሑድ ንጭንጭ በቃሌ እያወቅኩ፣ መለኪያ የያዝኩ ጊዜ ሁሉን ረሳሁት። ከለቅሶ የመጣሁ ሴት ጥቁር ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ብቻዬን ቦይ ዳር ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ልቤ ወረደ።

ልቤ የወረደው የውሃን ሒሳብ ስለማውቅ ነው። የውሃው ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የተርባይኑ ኃይል በግማሽ ቀንሶ አይቆምም፤ ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው የሚቀረው። በእሑድ ውሃ ትምህርት ቤት የሚያበራ ተርባይን በማክሰኞ ውሃ አንዲት አምፖል ያደበዝዛል።

ወልድያ ተመለስኩና እንደገና ጀመርኩ። አሁን የምወርደው ከክፍል በተረፈኝ ቀን ሁሉ ነበር። የማርያም፣ የሚካኤል፣ የገበያ ቀን፣ ሁሉም የየራሱ ፍሰት አለው፤ ሰንጠረዤ ላይ ያሰፈርኩት የውሃ ፍጥነት ከምህንድስና ሥራ ይልቅ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ መሰለ። በአዘቦቱ ደካማ ውሃ በቂ ኃይል ለማግኘት ኮምፒውተሩ ላይ የተርባይኗን ክንፍ አሰፋሁ፤ ግራና ቀኙን ዘግቼ ውሃው ሁሉ በእሷ በኩል እንዲያልፍ አስገደድኩት። ተሳካ። ለትምህርት ቤቱ ባይሆንም ለጤና ኬላው ይበቃል።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ግን ሌላ ያላየሁት ነገር ነበር። ስሌቱ እንዲፈጥንልኝ ብዬ ከመጀመሪያ ጀምሮ የውሃውን ፊት ከድኜው ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ከፍ ዝቅ ማለት አይችልም። በኛ ሥራ የተለመደ ነው። ቦዩን ግራና ቀኝ ከዘጋሁት በኋላ ግን ክዳኑን አንስቼ ማየት ነበረብኝ። አነሳሁትና የእሑድን ሙሉ ውሃ ለቀቅኩበት።

ውሃው ተርባይኗ ጋ ሲደርስ ተጨናነቀ። ከኋላዋ ቀስ እያለ አበጠ። ወደ ላይ ወደ ላይ እየተመለሰ ቦዩን ሞላና የቦዩ ዳር ዝቅ ከሚልበት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ በጎን ፈሰሰ። ብዙ አይደለም። እንደ ቀጭን ሰማያዊ መቀነት ሆኖ ከቦዩ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ሜዳውን አወቅኩት። ለካርታው የለካሁት እኔው ነኝ፣ ልጅ ሆኜም ወፍ የጠበቅሁበት ነው። የአባቴ ማሳ ነው።

ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። እሑድ፣ የታችኞቹ ውሃ፣ የውሃ አባቱ ማሳ ውስጥ ሊፈስ ነው። ከዚያው ውሃ ጠብታ አይጎድልባችሁም ብለው ቃላቸውን የሰጡት ሰው ማሳ ውስጥ።

ባልደረባዬ መጥቶ አየልኝ። «ይቺን ነው? ቦዩ ራሱ ወደ መሬት ከሚያሰርገው አትበልጥም እኮ። ማን ያውቅብሻል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያጽናናኝ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ እንደሱ ሳስብ ዋልኩ። የቦዩን ዳር ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ ውሃው ዳሩን ትቶ በጭቃ የተደፈኑትን የላይኞቹን መግቢያዎች መግፋት ጀመረ። ጭቃና ሣር ያን አይችልም። ክንፏን መልሼ አሳነስኩ፤ ውሃው በሰላም አለፈ፣ ለጤና ኬላው መብራት ግን ኃይሉ አልበቃ አለ። ከሁለት አንዱን ምረጪ የተባልኩ ያህል ሆነ፤ የሚያዋልዱበትን መብራት ወይም የአባቴን ቃል።

ወርጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። ማሳቸው ዳር፣ ያው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነው የሚፈሰው?» አሉኝ።

«ወደ አንቱ ማሳ።»

ዝቅ ያለውን የቦዩን ዳር በእጃቸው ዳበሱት። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት። «ትንሽ ነው አባ» አልኳቸው፤ የባልደረባዬን ቃል ሳላስበው ደገምኩት።

«ትንሽ ነው ማለት ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ እኛ አይደለንም።»

«እንግዲያ ልተወው።»

«ተዪው አላልኩሽም። ቃሌን ግን ልመልስ ነው።» ተነሡና ልብሳቸውን አራገፉ። የውሃ አባትነታቸውን ሊያስረክቡ እንደሆነ ገባኝ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ማለዳ የሚያስነሳቸው እሱ ብቻ ነበር።

ዋንዛው ሥር እንደገና ተሰበሰቡ። ላፕቶፔን ይዤ ሄጃለሁ፤ ፀሐዩ ግን ስክሪኑን መስታወት አደረገውና ምንም አይታይም። አንዱ ገበሬ ጋቢውን አውልቆ ከላይ ሸፈነልኝ። ባለማሳዎቹ በየተራ ጋቢው ውስጥ ጭንቅላታቸውን እያስገቡ ውሃውን ሲፈስ አዩ፤ ሲወጡ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው «ወይ ጉድ» ይሉ ነበር። ሐጂው የገቡ ጊዜ ቆዩ። ከጋቢው ሥር ድምፃቸው መጣ፦

«ይቺ ወደ ጎን የምትወጣዋ፣ የኛዋ ናት?»

«አዎ አባባ። የእሑድ ናት።»

«የምትፈሰውስ ማን ላይ ነው?»

እኔ ከመመለሴ በፊት አባቴ ቆሙ። «የኔው ማሳ ላይ ነው» አሉ። «ጠብታ አታጎድልም ብዬ ነበር። ሳላውቅ ነው ያልኩት። ቃሌን መልሱልኝ፤ የውሃውንም ነገር ለሌላ ሰው ስጡት።»

ሐጂው ከጋቢው ወጡ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ቃልዎን አንመልስም» አሉ። «ወላሂ አንመልስም። ቃሉ እኛ ዘንድ ይቀመጣል፤ ማሽኗን ያስተካክሉልን እንጂ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «በአዘቦትስ ይፈሳል?»

«በአዘቦት ውሃው ራሱ ትንሽ ስለሆነ ቦዩን አይሞላም። መግቢያው ሁሉ ተደፍኖ ውሃው ሙሉ የሚወርደው እሑድ ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ እሑድ እሑድ ትውጣ! እሷም ሰንበቷን ታክብር።»

ሳቁ ፈነዳ። ከላይኞቹ አንዱ «አርብስ?» አለ። አርብ ውሃው ከላይ ስለሚቀር እዚያ ቦታ የሚያሽከረክራት እንደሌለ ነገርኳቸው። «አያችሁ!» አሉ ሐጂው፣ «ጁምዓንም ታርፋለች፣ ሰንበትንም ታርፋለች። የወሎ ልጅ ሆነች በቃ።»

ሁሉም ሲስቅ አባቴ አልሳቁም። ቃሉ አሁንም እሳቸው ላይ ነበር፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ከበደ።

ተርባይኗን ወልድያ አንድ ብየዳ ቤት አሠራኋት። ግራና ቀኝ በቆሙ የብረት ቋሚዎች መካከል እንድትቀመጥና በገመድ ተስባ እንድትወጣ አደረግኳት። ሥራዬን የገመገሙት መምህር «ውሃው ከሁሉም በሚበረታበት ቀን ለምን አይሠራም?» ብለው ጠየቁኝ። ውሃው በዚያ ቀን የሌላ ሰው ስለሆነ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አዩኝና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ያ ያስጨበጨበልኝ ትልቅ ቁጥር ከጥናቴ ወጣ፤ እሱን ስሰርዝ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው።

በአዘቦት ተከልናት። ጤና ኬላው ውስጥ አምፖሉ በራ፤ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ግን በራ። ቅዳሜ ሲመሽ አባቴና ጎረቤቶቻችን ገመዱን ስበው አወጧት፣ ቦዩ ዳርም አስቀመጧት።

እሑድ አባቴ ከቅዳሴ መጡ። ምሳ አቀረብኩ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ስልካቸውን ከሰሃኑ አጠገብ አስቀመጡና ደጅ ደጁን ማየት ጀመሩ። ብዙ ጊዜ የሚደወልበት ሰዓት ደረሰ፤ አልተደወለም። አለፈ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ተርባይኗ ስትወጣ ቋሚዎቹ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ቋሚዎቹን ለብቻቸው አላሰላኋቸውም። ሣርና ገለባ ይዘው ቢሆንስ? ውሃው አሁን በዚህች ሰዓት ወደ ማሳችን እየፈሰሰ ቢሆንስ? ነጠላዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«አይቼው ልምጣ።»

«ተቀመጪ። የውሃ አባቱ ቤት ሰው ቦይ ለቦይ ሲሮጥ አይታይም።»

ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ እሑድ እሑድ ምን ይሰማት እንደነበር ገባኝ። ትነጫነጭ የነበረው ስለ ወጡ አልነበረም፤ ትፈራ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። አባቴ ቶሎ አላነሱትም። ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጉት የሐጂው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ በስልክ ሲያወሩ ከማሳቸው የሚጠሩን ያህል ይጮሃሉ።

«ደርሷል!» አሉ። እንደ ወትሮው ስልኩን ይዘጋሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዘጉም። «አልሐምዱሊላህ፣ እንዳለ ደርሷል። ለልጅዎ ይንገሯት፤ ነገ ማሽኗን ትመልሳት።»

አባቴ ስልኩን አስቀመጡ። ሰሃኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«እህሉ ቀዘቀዘ» አሉ።

ወጡን ላሙቅ ብዬ ብድግ ስል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። እንባዬ ሰሃኑ ላይ ሲወርድ እንዳላዩ ሆኑ፣ እኔም የሳቸውን እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ቀዝቃዛውን እህል አብረን በላን።